«አሽከር» አይሸጥም፦ ለተውኔት ገምጋሚ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቴአትር ቤታችን የተውኔት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የሮማዊውን ጸሐፌ ተውኔት የፕላውቱስን «ምርኮኞቹ» ለመድረክ ስናዘጋጅ የከረምነው አንድ ተርጓሚ፣ አንድ አዘጋጅ፣ ዘጠኝ ተዋንያንና ሁለት ሙዚቀኞች ነን። ስምንት ወር ተለማመድን። በሙከራ ትርኢቱ ምሽት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ አያችሁን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ ሁለት ገጽ የማሻሻያ ትእዛዝ ደረሰን። የመጨረሻው መስመር «በተሰጠው አስተያየት መሠረት ካልታረመ ወደ መድረክ አይወጣም» ይላል። ቀርበን ለማስረዳት ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅን። ሁለቱንም ጊዜ የተሰጠን መልስ «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል ነበር። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው ሌላ በር ስላጣን ነው።

ተውኔቱን ላላየው አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ልንገር፤ ያለዚያ ቅሬታችን አይገባውም። ሄጊዮ የሚባል፣ በግሪክ ምድር ያለችው የአይቶሊያ ሽማግሌ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። አንደኛውን ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ስታላግሙስ የተባለ የቤቱ ባሪያ ሰርቆት ጠፋ፤ ኤሊስ በምትባል አገርም በስድስት ሚና (ሚና የግሪኮች የገንዘብ መለኪያ ነው) ጥሬ ብር ሸጠው። ሌላኛው ልጅ አድጎ ከኤሊስ ጋር በተደረገ ጦርነት ተማረከ። ሽማግሌው ይህን ልጁን በለውጥ ለማስመለስ ሲል ከኤሊስ የተማረኩ ሰዎችን ይገዛ ጀመር። ከገዛቸው መካከል ፊሎክራቴስ የሚባል የባለጸጋ ልጅና ባሪያው ቲንዳሩስ ይገኛሉ። ሁለቱ ስምና ልብስ ተለዋውጠው ሽማግሌውን ያታልሉታል። ባሪያው ጌታ፣ ጌታው ባሪያ ይመስላል፤ በዚህ ብልሃት እውነተኛው ጌታ ተለቅቆ ወደ አገሩ ሲሄድ ቲንዳሩስ በመያዣነት ይቀራል። ተንኮሉ ሲጋለጥ ሄጊዮ ቲንዳሩስን በእግር ብረት አሳስሮ ወደ ድንጋይ ካባ ይልከዋል። ቲንዳሩስ ግን በአራት ዓመቱ የተሰረቀው የሄጊዮ የራሱ ልጅ ነው። አባት ልጁን ሳያውቅ ገዛው፣ አሰረው፣ ለካባ ዳረገው።

ፕላውቱስ ይህን ምስጢር ከተመልካቹ አይደብቅም። ተውኔቱ ሲከፈት ሁለቱ ምርኮኞች ታስረው መድረክ ላይ ቆመዋል፤ መቅድሙን የሚናገረው ተዋናይ ወደ ቲንዳሩስ እያመለከተ «በገዛ አባቱ ቤት ባሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ አባትየውም አያውቅም። በእርግጥ አማልክት እኛን ሰዎችን እንደ ኳስ ይጫወቱብናል» ይላል። ከዚያ በኋላ የምንስቀው ሁሉ ይህን እያወቅን ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

አንደኛው፣ ከሁሉ ይልቅ የከበደን፣ «ባሪያ የሚለው ቃል በሙሉ ወጥቶ አሽከር ወይም አገልጋይ በሚለው ይተካ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የሰጣችሁት ምክንያት ቃሉ ዛሬም ሰው የሚሰደብበት ስለሆነ ተመልካችን ያስከፋል የሚል ነው። መሰደቢያ መሆኑን አንክድም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን አዋጁ ሳይነካው በየመንደሩ፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቀርቷል።

ይህን ከማናችንም በላይ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አለ። ቲንዳሩስን የሚጫወተው ተዋናያችን ነው። ትእዛዛችሁ በልምምድ አዳራሹ በተነበበ ዕለት ጥግ ላይ ባለው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከቆርቆሮ ያሠራነው እግር ብረት ገና ከቁርጭምጭሚቱ አልወለቀም። ንባቡ እስኪያልቅ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ «ልጅ ሳለሁ ይህ ቃል ሲወረወርብኝ የሰረዘልኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ እኔ ራሴ፣ የሚያመውን ሰው ሆኜ አፌን ሞልቼ ልናገረው ስል ነው የሚሰረዘው?» አለ። ሄጊዮን የሚጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ተነሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ልምምድ አልቀጠለም።

ቃሉ ያማል። ቲንዳሩስንም ያመዋል። ተውኔቱ የቆመው በዚህ ሕመም ላይ ነው። አሽከር በአማርኛችን ቀለብ ወይም ደመወዝ ተቆርጦለት ከጌታ ጋር የሚያድር፣ ሲከፋው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ጌታ የሚፈልግ ሰው ነው። አሽከር ይቀጠራል፣ ይሰናበታል፤ አይሸጥም። እናንተ ባረማችሁት ጽሑፍ ውስጥ ግን ስታላግሙስ ስለ አራት ዓመት ሕፃን «በአሽከርነት በስድስት ሚና ሸጥኩት» ብሎ ይናገራል። ይህን የሰማ ተመልካች ምን ይረዳል? ሄጊዮ ቲንዳሩስን ወደ ካባ ሲልክ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እዚያ ሌሎቹ በቀን ስምንት ስምንት ድንጋይ ይፈነቅላሉ። አንተ ግን በየቀኑ የእነሱን ሥራና ተጨማሪ ግማሽ ካልሠራህ ስምህ ‹ስድስት መቶ ግርፋት› ይባላል።» ለቲንዳሩስ አሥራ ሁለት ድንጋይ ደረሰው ማለት ነው። አሽከር ቢሆን ኖሮ «ለምን ጥሎ አይሄድም?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ትክክል በሆነ ነበር። ጥሎ መሄድ የማይችለው ባሪያ ስለሆነ ነው፤ ሕጉ የሄጊዮ ንብረት አድርጎታል። ይህ ከተደበቀ አባትና ልጅ በመጨረሻ ሲተዋወቁ የሚያለቅስ ሰው አይኖርም፤ አባት ያደረገው ነገር ምን እንደነበር አልተነገረምና።

ይህን የኮሜዲ ዓይነት ለሮማ ያቆሙት ሰዎች ባርነትን ከሩቅ አልነበረም የሚያውቁት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ዓመት የመጀመሪያውን የላቲን ተውኔት ከግሪክ መልሶ ለሮማ መድረክ ያቀረበው ሊዊዩስ አንድሮኒኩስ ታረንቱም ከምትባል ከተማ በምርኮ መጥቶ በኋላ ነፃ እንደወጣ ይነገርለታል። ከፕላውቱስ በኋላ የገነነው ካይኪሊዩስ ስታቲዩስም ጎል ከሚባለው አገር የመጣ ባሪያ ነበር ይባላል። ቴሬንቲዩስን ደግሞ የጥንቱ የሕይወት ታሪኩ የካርታጎ ተወላጅ፣ ቴሬንቲዩስ ሉካኑስ የተባለ የምክር ቤት አባል ባሪያ እንደነበር ይተርካል። ጌታው አስተምሮ ነፃ አወጣው፤ «አፌር» የሚለው ቅጽል ስሙም አፍሪካዊ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ166 እስከ 160 ባሉት ዓመታት ስድስት ኮሜዲዎች አቀረበ፤ ስድስቱም ዛሬ በእጃችን አሉ። መድረክ ላይ ከሚወጡት ተዋንያንም ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። በአንዱ የፕላውቱስ ተውኔት መጨረሻ ላይ ትርኢቱ ሲያልቅ ተዋንያኑ ልብሳቸውን እንደሚያወልቁ ከተነገረ በኋላ «ያጠፋ ይገረፋል፣ ያላጠፋ ይጠጣል» ይባላል። ተመልካቹ ይስቅ ይሆናል፤ የሚናገረው ተዋናይ ግን የራሱን ጀርባ እያሰበ ሊናገረው ይችላል። በእነዚህ ሰዎች ሥራ ውስጥ ቃሉን እኛ ስናለዝበው ምን ያህል እንደምንደፍር አስቡት።

እውነቱን ለመናገር ፕላውቱስ ባርነት ይቅር ብሎ የጻፈ ሰው አይደለም። በተውኔቱ መጨረሻ ቲንዳሩስ ነፃ ሲወጣ እግር ብረቱ ከልጁ እግር ወልቆ ወደ ስታላግሙስ እግር ይዛወራል፤ ብረቱ ራሱ አይቀርም። እኔ ተርጓሚው በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሌሊት አድሬበታለሁ። ተመልካቹ ይህን አይቶ እንዲረበሽ እፈልጋለሁ። አንድ እግር ላይ ግፍ የሆነው ብረት ሌላ እግር ላይ ፍርድ እንዴት እንደሚሆን ይጠይቅ። «አሽከር» ብለን ከጻፍን ጥያቄው አይነሣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ይህንኑ አድርገዋል፤ የላቲኑን «ሴርዉስ» በቤት ሠራተኛ ቃል እየተኩት አንባቢያቸው የሮማን ባሪያ እንደ ጨዋ ቤት ተቀጣሪ እንዲያየው አደረጉ። የዛሬዎቹ ተርጓሚዎች ቃሉን ወደ ቦታው መልሰውታል። እነሱ የተዉትን ስህተት እኛ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተን እንድንጀምረው ነው የታዘዝነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን በአንዲት ቃል ላይ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ትርጉም ምን እንደሆነ የሚያሳይ ትልቅ ነገር ነው። ቲንዳሩስ ከካባው ሲመለስ ድንጋይ መፈንቀያውን በትከሻው ይዞ ይገባል። በላቲኑ ይህ መሣሪያ «ኡፑፓ» ይባላል። «ኡፑፓ» ደግሞ የወፍም ስም ነው። ቲንዳሩስ ለባለጸጋ ልጆች መጫወቻ ወፍ እንደሚሰጣቸው ጠቅሶ ለእኔም «ኡፑፓ» ተሰጠኝ ይላል። ጆሮ ወፍ ይሰማል፤ ዓይን የሚያየው ብረት ነው። ይህን የቅኔ ተማሪ ወዲያው ያውቀዋል፤ ኅብር ነው። ሰሙ ወፍ፣ ወርቁ መፈንቀያ። በአማርኛ ሁለቱን የሚይዝ አንድ ቃል ስፈልግ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። አንድ ማለዳ ከቤቴ ጀርባ ባለው ዋርካ ላይ ግንደ ቆርቁር ሲቆረቁር ሰማሁ። እንዲህ ሆነ፦

«ለጌታ ልጆች ቁራ፣ ዳክዬ ወይም ድርጭት ይሰጣቸዋል፣ ይጫወቱበት ተብሎ። እኔም ስደርስ አልተረሳሁም፤ መጫወቻዬ ይኸውላችሁ፣ ድንጋይ ቆርቁር!»

በሙከራው ምሽት አዳራሹ በዚህ ቃል ሳቀ፤ ከዚያ የተዋናዩን ትከሻ አይቶ ጸጥ አለ። ከሳቁ ወደ ጸጥታው ለመድረስ ነው ሦስት ሳምንት የለፋሁት። በትእዛዛችሁ ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን «ድንጋይ ቆርቁር የሚባል ወፍ የለም፤ በመዶሻ ይተካ» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ወፍ እንደሌለ እናውቃለን፤ ቲንዳሩስም ያውቃል። የታሰረ ሰው ለብረቱ የወፍ ስም ያወጣለታል፤ በዚያች ቅጽበት የቀረችው ነፃነት ይህችው ናት። «መዶሻ ሰጡኝ» ካለ የሚናገረው ነገር የዕቃ ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

በሌላ ቦታ እንዲሁ ያለ መንገድ ተከትለን ያለ አንዳች ተቃውሞ አልፋችሁታል። ኤርጋሲሉስ በየግብዣው ሳይጠራ የሚገኝ ሆዳም ነው። በላቲኑ የመጀመሪያ ንግግሩ «ኢንዎካቱስ» በሚል ቃል ላይ ይጫወታል፤ ቃሉ «ስሙ የተጠራ» ማለትም፣ «ያልተጋበዘ» ማለትም ይሆናል። ያንን ቃል በቃል ማምጣት አይቻልም። እኛ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» በሚለው በራሳችን አባባል ላይ ገነባነው፤ የዚያን ምሽት ከሁሉ በላይ ያሳቃችሁ እሱ ነበር። ሁለቱ ቦታዎች የተተረጎሙት በአንድ እጅና በአንድ ሐሳብ ነው። አንዱ ተፈቅዶ ሌላው የተከለከለበት መለኪያ ምን እንደሆነ አልተነገረንም።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት ቴሬንቲዩስ አንድ ኮሜዲውን ለበዓሉ አዘጋጅ ሹማምንት ሸጦ ነበር። ባላንጣው ሉስኪዩስ ላኑዊኑስ ለሹማምንቱ በተደረገው የቅድሚያ ትርኢት ላይ የመገኘት ዕድል አግኝቶ፣ ተውኔቱ እንደተጀመረ «ይህን ያቀረበው ሌባ ነው እንጂ ባለቅኔ አይደለም» ብሎ ጮኸ። ቴሬንቲዩስ በመቅድሙ ላይ መለሰለት። ይህ ሰው ግሪኩን በደንብ ቢመልሰውም የራሱን ቋንቋ በደካማ ስለሚጽፍ ከጥሩ የግሪክ ተውኔቶች ጥሩ ያልሆኑ የላቲን ተውኔቶችን አወጣ አለ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስብን ነው የምንታገለው። ሹማምንቱም ተውኔቱን አላገዱትም፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንደታየና ስምንት ሺህ ሴስቴርስ የሚባል የሮማ ገንዘብ እንዳስገኘ ተመዝግቦ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በጽሑፋችን ኅዳግ ላይ በአራት ቦታ «በእንግሊዝኛው ይህ የለም» የሚል በቀይ ተጽፏል። የእንግሊዝኛው ማለት የትኛው ነው? ጀርመናዊው ጸሐፊ ሌሲንግ ይህንኑ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1750 ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ ለጀርመን ጆሮ መለሰው፤ መድረክ ካያቸው ተውኔቶች ሁሉ የበለጠ ነው ብሎም ጽፎለታል። ጣልያናዊው ጸሐፊ ፓዞሊኒ እ.ኤ.አ. በ1963 የፕላውቱስን ፎካሪ ወታደር በሮማ መንደር አነጋገር አስወራው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1486 ፌራራ በምትባል የጣልያን ከተማ ቤተ መንግሥት ሰዎች ስለ ሁለቱ መንትዮች የተጻፈውን ኮሜዲ በጣልያንኛ አዩት። እያንዳንዱ ከላቲኑ ጋር ራሱ ተፋጥጦ የወሰነው ነው። የእኛም ሥራ የሚለካው በላቲኑና በአማርኛው ነው። ላቲን የሚያነብ ገምጋሚ ካስፈለገ እንዲጠራ እንጠይቃለን፤ መስመር በመስመር አብረነው ለመቀመጥ ዝግጁ ነን።

አራተኛ፣ ዜማዎቹ። «ኮሜዲ እንጂ ሙዚቃዊ ተውኔት አላመለከታችሁም፤ ሰዓት ለማሳጠር ዘፈኖቹ ይውጡ» ተብለናል። የፕላውቱስ ኮሜዲ ከግማሽ የሚበልጠው በመሣሪያ ታጅቦ የሚባል ነው። ያለ አጃቢ የሚነገረው ክፍል አንድ ምጣኔ አለው፤ የሚታጀበው ደግሞ ሌላ፤ ዜማው ሲቆምና ሲጀምር ተመልካቹ የነገሩን መለወጥ በጆሮው ያውቃል። እኛ የሚነገረውን በስድ ንባብ፣ የሚታጀበውን በወል ቤትና በሰንጎ መገን አድርገን በዋሽንትና በክራር አስኬድነው። ኤርጋሲሉስ የምሥራች ይዞ መንገደኛውን ሁሉ «ዞር በሉ!» እያለ እየሮጠ ሲገባ ዋሽንቱ ከኋላው ያባርረዋል። ዋሽንቱ ከወጣ የቀረው ሰው የሚሮጠው ያለ ምክንያት ነው።

ስለ ሙዚቀኞች ከተነሣ ስለ ስምም እናንሣ፤ አምስተኛው ቅሬታችን ነው። ለማስታወቂያ የተዘጋጀው ወረቀት ላይ «ፕላውቱስ» የሚል በትልቁ፣ የአዘጋጁ ስም በትንሹ ተጽፏል። የተርጓሚውም የሙዚቀኞቹም ስም የለም። «ቦታ አልበቃም» ተባልን። በሮማ ተውኔቶች መግቢያ ላይ የተጻፉ የትርኢት መዛግብት አሉ። የቴሬንቲዩስን ተውኔቶች ዜማ የሠራው ፍላኩስ የሚባል ሰው እንደሆነ ይነግሩናል፤ «ፍላኩስ፣ የክላውዲዩስ» ይላሉ፣ የክላውዲዩስ ባሪያ ነበርና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ዓመት ለቀረበ የፕላውቱስ ተውኔት ዜማ የሠራውም ማርኪፖር የኦፒዩስ ባሪያ ነው፤ የእሱም ስም አለ። ሮማ የባሪያ ዋሽንት ነፊዎችን ስም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚቆይ መዝገብ ላይ አሰፈረች። ፕላውቱስም ራሱ በአንድ መቅድሙ ላይ «ፊሌሞን ጻፈው፣ ፕላውቱስ ወደ ባዕድ ቋንቋ መለሰው» ያሰኛል። ፊሌሞን የግሪኩ ደራሲ ነው፤ ባዕድ ቋንቋ ያለው የራሱን ላቲን ነው፤ በግሪኮች ዓይን እያየ። የደራሲው ስምና የተርጓሚው ስም በአንድ መስመር ጎን ለጎን ከመድረክ ይጠራ ነበር። ክራር ደርዳሪያችን ማስታወቂያውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት፤ ለእናቷ ልታሳይ ነበር የመጣችው።

ስድስተኛውን ፈጥኜ ልለፈው። «የሮማ ኮሜዲ በጠባዩ ለቤተሰብ አይመችም» የሚለው አስተያየት ለዚህ ተውኔት አይሠራም። መቅድሙ ራሱ እዚህ ውስጥ ደላላ፣ ጋለሞታና ጉረኛ ወታደር የለም ይላል። መዝጊያውም «ተመልካቾች ሆይ፣ ይህ ተውኔት ለጨዋ ምግባር የተሠራ ነው» ብሎ፣ ጥሩ ሰዎች የበለጠ ጥሩ የሚሆኑበት እንዲህ ያለ ኮሜዲ ባለቅኔዎች እምብዛም አያገኙም ይላል። እግረ መንገዴን፣ በዚያ መዝጊያ ላይ ለተውኔቱ የተሰጠው የላቲን ስም «ፋቡላ» ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሰጡት ስምም «ፋቡላ» የሚለውን ቃል ይዟል። ይህ የመድረክ ቤተሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያቀረበልን ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞሊየርም ስለ ስስታሙ ሰው የጻፈውን ኮሜዲ የወሰደው ከፕላውቱስ ነው። ልጁን ለምርቃት ስናመጣ አባቱን ከደጅ መመለስ አይገባም።

የመጨረሻው የቀናችን ጉዳይ ነው። ሁለት የረቡዕ ምሽቶች ተሰጥተውን ነበር። አንዱ ለስብሰባ ተከራየ፤ ሁለተኛው በዋዜማው ለሌላ ዝግጅት ተላለፈ፤ የነገሩንም የበር ጠባቂው ናቸው። የቴሬንቲዩስ «አማቲቱ» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ165 ስትቀርብ ሕዝቡ ገመድ ላይ የሚሄድ ሰውና ቡጢኞች መጡ ሲባል ጥሎ ወጣ። በ160 ዳግመኛ ስትቀርብ የግላዲያተሮች ወሬ አዳራሹን አፈረሰው። በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ መድረክ ተሰጣት። የቡድኑ መሪ አምቢዊዩስ ቱርፒዮ፣ ያረጀ ተዋናይ፣ ወጥቶ ዝም ብላችሁ ስሙን ብሎ ለመነ፤ ተውኔቱም እስከ መጨረሻው ታየ። የእኛ ሄጊዮም ያረጀ ተዋናይ ነው፤ ጤናው እንደ ዐምናው አይደለም፤ ይህን መድረክ ሳያገኝ እንዳይቀር እንሰጋለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

«ባሪያ» የሚለው ቃል በጽሑፈ ተውኔቱ ውስጥ ባለበት ይቆይ። ተመልካች እንዳይጎዳ የምር የሚታሰብ ከሆነ ከትርኢቱ በፊት በቲንዳሩስ ተዋናይ አንደበት አጭር ማሳሰቢያ ለማስነገርና ከትርኢቱ በኋላ ከተመልካች ጋር ለመወያየት ዝግጁ ነን።

ተርጓሚው ሳይጠየቅ ከትርጉሙ አንድም ቃል አይለወጥ። «ድንጋይ ቆርቁር» ወደ ቦታው ይመለስ።

ዜማዎቹ ይፈቀዱ። ሰዓት ማሳጠር ካስፈለገ የት ላይ እንደሚያጥር አዘጋጁና ሙዚቀኞቹ ያቅርቡ፤ ከነገራችሁን ሰዓት ሩብ ሰዓት ለመቀነስ ተስማምተናል።

የተርጓሚው፣ የሁለቱ ሙዚቀኞችና የተዋንያኑ ስም በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ቦታ ካልበቃ የፊደሉ መጠን ይነስ።

ኮሚቴው አንድ ሰዓት ሰጥቶ ከሁላችንም ጋር ይቀመጥ፤ የማሻሻያው እያንዳንዱ ነጥብ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። ቢቻል ትርኢቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይታይና እንደገና ይገምገም። የሚተላለፍ ከሆነም በዋዜማው ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚነገርበት አንድ የረቡዕ ምሽት ይመደብልን።

መልሳችሁን እስከዚህ ወር መጨረሻ እንጠብቃለን። ከሰኞ እስከ ዐርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በልምምድ አዳራሹ አለን፤ ልምምዱን አላቋረጥንም።

ከአክብሮት ጋር፣

የ«ምርኮኞቹ» ተርጓሚ
በአዘጋጁ፣ በዘጠኙ ተዋንያንና በሁለቱ ሙዚቀኞች ስም